የተማሪ ምክር፦ ምንነቱ፣ አመጣጡና አጠቃቀሙ

የተማሪ ምክር አንድን ነገር በሕይወቱ አንዴ ያደረገ ሰው፣ አንዴም ላላደረገው፣ ሲያደርገው እንደ ኖረ ሆኖ የሚያስረዳበት የዕውቀት ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በየትኛውም የትምህርት ክፍል አይሰጥም፤ ሆኖም ከ40 በሚበልጡት በሁሉም ያለ መምህር፣ ያለ በጀትና ያለ ዕረፍት ይካሄዳል። ሌላውን ትምህርት የመምህር መቅረት ወይም የመብራት መጥፋት ያስተጓጉለዋል። ይህኛው መብራት ሲጠፋ ይብስ ይደምቃል።

መካሪ ለመሆን የሚጠየቀው መመዘኛ አንድ ብቻ ነው፤ ከተመካሪው ቀድሞ መምጣት። በስንት ቀን እንደቀደመ አይጠየቅም። የመጀመሪያ ዓመቱን ያጋመሰ ተማሪ ገና ለተመደበው ሊቅ ነው፤ ሰኞ የገባም ሐሙስ ለሚገባው «እዚህ ግቢ እኮ እንዲህ ነው» ለማለት ሙሉ ሥልጣን አለው። ሲኒየር የሚባለው ማዕረግ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ ማዕረጎች የመመረቂያ ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ዘርፉ የራሱ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ መቶ አይሞሉም ነበርና የምክሩ አቅርቦት ለአገር የሚበቃ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ፣ አብዛኞቹንም በአስተማሪነት ማሠራት ሲጀምር ግን ምክር በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት ቻለ። ትልቁ ጭነት የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ገጠር ሲያዘምት፣ በሬን በሥዕል የሚያውቅ የከተማ ልጅ ዕድሜውን ከሞፈርና ቀንበር ጋር ለፈጀ ገበሬ ስለ እርሻ ያስረዳ ጀመር። ገበሬው ፊደል መቁጠሩን በደስታ ተቀበለ። «መሬት ላራሹ» የሚለውንም፣ አዋጁ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሲወጣ፣ ከዘማቹ ይልቅ እሱ ቶሎ ገባው። ስለ አስተራረስ የተነገረውን ደግሞ በጨዋነት አዳምጦ፣ «ይበል ልጄ» ብሎ፣ በማግሥቱ እንደ አባቱ አረሰ። ምክርን ለመቀበል ከተገኙት ስልቶች ሁሉ ይህ እስካሁን አቻ አልተገኘለትም። የዚያ ዘመን መካሪ ግን፣ ቢሳሳትም፣ ሊያቀና የተነሣው አገር ነበር። የዛሬው የሚያቀናው የሰው ሻንጣ ነው።

ስለዚህ የጉዞ ምክር የዘርፉ ዋና ቅርንጫፍ ሆኗል፤ መነሻውም ምደባ ነው። ከዞኑ ከተማ ወጥቶ የማያውቅ የጎንደር ልጅ ትምህርት ሚኒስቴር ጅማ ቢመድበው፣ በአዲስ አበባ በኩል ከ1 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዓባይንና ጊቤን ተሻግሮ ይደርሳል። የዓባይ በረሃ መንገድ ከደጀን ከ1 ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ፣ በአገሪቱ ካሉት መንገዶች ሁሉ ዓይን የሚይዝ ነው። ተማሪው ይህን ሁሉ የሚያልፈው ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቶ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሹፌሩ የትኛው ኩርባ ላይ ማርሽ እንደሚቀንስ፣ ዝንጀሮዎቹ ከየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ጆሮ የት ላይ እንደሚደፈን በዝርዝር ያስተምራል። ሳይተኛ ያለፈ ሰው ይህን ያህል አያስታውስም።

ስለ ወንበር አመራረጥ ሊቃውንቱ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ከሹፌሩ ኋላ መቀመጥን ያዛሉ፤ ሹፌር አደጋ ሲመጣ ራሱን ያድናልና ከኋላው ያለውም አብሮ ይድናል የሚል ነው ክርክራቸው። ሁለተኞቹ መሐሉን ይመርጣሉ፤ ከፊትም ከኋላም ለሚመጣ ነገር እኩል ሩቅ ነው ይላሉ። ሦስተኞቹ ወንበር አልቆ ሞተሩ ላይ ተቀምጠው የመጡ ናቸው። እነሱም ከሞተር የተሻለ መቀመጫ እንደሌለ፣ ወገብ እንደሚያሞቅና ከሹፌሩ ጋር እንደሚያጫውት ያስተምራሉ። በሦስቱም ወገን እስካሁን ትኬት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያስታወሰ የለም።

የአልባሳቱ ምክር በሰፊው ሊታይ ይገባዋል፤ የዘርፉ አሠራር ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ አንድ ዓመት የተማረ ልጅ ብርዱን በአጥንቱ ያውቀዋል። ከዚህ ዕውቀት የሚደርስበት መደምደሚያ ግን «ደብረ ብርሃን ትበርዳለች» የሚል አይደለም። እሱ የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ አንድ ስለሆነ መደምደሚያው «ዩኒቨርሲቲ ይበርዳል» ነው። በዚህ መሠረት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አርባ ምንጭ የተመደበው የአጎቱ ልጅ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢና የሱፍ ኮፍያ ተጭኖ ይሄዳል። ከ500 ሜትር በታች ወዳለችው ሠመራ የተመደበማ ቢሆን፣ ጭነቱ ያው ሆኖ ላቡ ብቻ ይጨምር ነበር። ብርድ ልብሶቹ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ እንዲከልሉ በዶርሙ መስኮት ላይ ይሰቀላሉ። መካሪው ይህ በስልክ ሲነገረው አይደነግጥም፤ «ጠብቅ፣ ሌሊት ሌሊት ይመጣል» ይላል። ተመካሪውም በዓመቱ ሲኒየር ይሆንና፣ ደብረ ብርሃን ለተመደበች ጎረቤቱ «ልብስ ምን ያደርግልሻል፣ ነጠላ ጫማ ብቻ ያዢ» የሚል የራሱን ምርምር ያካፍላል። ዕውቀቱ በዚህ ሁኔታ ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ እየተመላለሰ፣ ሳይደርቅ ይኖራል።

ስንቅን በሚመለከት ምክሩ ልክ ነው፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ይህ የሆነው ግን ምክሩ የእናቶች ስለሆነ ነው። ተማሪው ሰምቶ ከማስተላለፍ በቀር አልነካውም።

በግቢ ኑሮ ላይ የሚሰጠው ምክር ሁለት ነገር ላይ ያተኩራል፤ ሆድና ነጥብ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ ምግብ በቀን 15 ብር መድቦ ለዓመታት በቆየበት ዘመን፣ «ካፌ ልብላ ወይስ ነን ካፌ ልሁን» የሚለው ጥያቄ ከፍልስፍና ኮርስ ይልቅ ያከራክር ነበር። ሲኒየሩ ነን ካፌ መሆንን ያዛል፤ «ገንዘቡን በእጅህ ተቀበል፣ እንደፈለግህ ትበላለህ» ይላል። የማይናገረው፣ ወር በገባ በሳምንቱ ገንዘቡ አልቆ፣ ተመካሪው ከካፌ ተመጋቢ ጓደኛው ትሪ ላይ እጁን ሲዘረጋ፣ መካሪውም ከትሪው በሌላ ወገን ተቀምጦ እንደሚያገኘው ነው።

ነጥብን በተመለከተ ደንቡ «ፍሬሽ ላይ አትቸክል፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይካካሳል» የሚል ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለው ሦስተኛው ላይ ይካካሳል ይላል፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለው ደግሞ ዋናው ነገር ነጥብ እንዳልሆነ ደርሶበታል። ቸካይ የሚባለው ተማሪ በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደ መጥፎ ምሳሌ ይጠቀሳል፤ ሌሊቱን ቤተ መጻሕፍት የሚያድር፣ ኑሮ ያልገባው ሰው ተብሎ። የፈተናው ዋዜማ ሲደርስ ግን የሾርት ኖቱ ኮፒ የሚለመነው እሱው ዘንድ ነው። የመካሪውን የራሱን ነጥብ መጠየቅ ነውር ነው። ሐኪምን «አንተስ አሞህ ያውቃል?» እንደማለት ይቆጠራል።

ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ምክሩ ከግቢ ኑሮ ወደ ጠቅላላው ሕይወት ይሰፋል። በዚህ ደረጃ ተማሪው በአስፋልት ዳር ከሚሸጡት የስኬት መጻሕፍት አንዱን እስከ አርባኛው ገጽ አንብቧል፤ አርባ ገጽም ለአንድ የቴሌግራም ቻናልና ለሃምሳ የቲክቶክ ቪዲዮ ይበቃል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት የስኬት መጀመሪያ መሆኑን፣ ቁርስ ከተዘጋ በኋላ የነቃ ልጅ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ይሰብካል። ስለ ቁጠባ የሚያስተምረው ከቤት በሚላክለት ገንዘብ የሚኖር ልጅ ነው። ስለ ትዳር የሚያስተምረው፣ የወደዳትን ልጅ ላይብረሪ በር ላይ አይቷት ሰላም ለማለት አንድ ሴሚስተር የወሰደበት ልጅ ነው።

ምክሩ ከግቢ ወጥቶ እውነተኛ ጉዳት ማድረስ የሚጀምረው ለበዓል ዕረፍት ወደ ቤት ሲመለስ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለተማሪው ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሚመክር ያለው የሚጠይቅ ስላለ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ «እስኪ አንተ የተማርከው ንገረን» ሲባል፣ በ19 ዓመቱ «አላውቅም» የሚል ልጅ ቢገኝ በዚያው በሽሙጥ ይሞታል፤ «ታዲያ ምን ተማርክ?» ይባላልና። ስለዚህ የጂኦግራፊ ተማሪው ስለ ደም ግፊት ክኒን፣ የአካውንቲንጓ ተማሪ ስለ ድንበር ክርክር፣ ሁሉም በአንድነት ስለ አሜሪካ ይናገራሉ።

አሜሪካ ስትነሣ የሚመጣው ዲቪ ነው። በሕጉ በዓመት እስከ 55 ሺሕ ቪዛ የሚታደልበት ይህ ዕጣ በየከተማው በኢንተርኔት ቤትና በተማሪ እጅ ሲሞላ የኖረ ነው። ጎረቤቲቱ «ልጄ፣ ለእኔና ለጋሼ ሙላልን» ስትል፣ ልጁ ሁለት ምክር ይለግሳል። አንደኛው «እትዬ፣ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለቴ ልሙላላችሁ፤ ዕድላችሁ እጥፍ ይሆናል» የሚል ነው። አንድ ሰው በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ ካመለከተ ማመልከቻዎቹ ሁሉ ይሰረዙበታል፤ ስለዚህ እጥፍ የሆነው ዕድል ዜሮ ይሆናል። ባልና ሚስት መስፈርቱን እስካሟሉ ድረስ በየግላቸው አንዳንዴ ማመልከት እንደሚፈቀድላቸውና ዕድሉ በሕጋዊ መንገድ እጥፍ የሚሆነው ያኔ እንደሆነ ግን አላነበበም። ሁለተኛው ምክር «ያላገባ እንበል፣ ነገር አይበዛም» የሚል ነው። ባልን፣ ሚስትን ወይም ልጅን ሳያስመዘግቡ መቅረት ዕጣው ከወጣ በኋላ እንኳ ቪዛ የሚያስከለክል መሆኑ የሚታወቀው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ ሌላ ከተማ ሌላ ሰው እየመከረ ነው። ሁለቱም ነጥቦች መመሪያው ላይ ተጽፈዋል። መመሪያው ግን የሚነበብ ነገር ነው፤ የተማሪ ምክር ደግሞ ከማንበብ የሚያድን ነው።

በዚያው ቤት ላም ስትታመም ተማሪው አይጠየቅም። የእንስሳት ሐኪም ይጠራል፤ ካልተገኘም ከብት ሲያረባ ያረጀ ሰው ይፈለጋል። ላሟ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች። ለልጅ ትምህርት፣ ለትዳርና ለስደት ግን ለፋሲካ የመጣው ልጅ ይበቃል።

የዘርፉ ማብቂያ አራተኛው ዓመት ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስለመጣ፣ ለማለፍም ከመቶ 50 ስለሚጠይቅ፣ «ይካካሳል» ሲል የኖረ መካሪ በመጨረሻው ሴሚስተር ድምፁ ይቀንሳል፤ ከቸካዩ አጠገብ ወንበር ሲፈልግም ይታያል። ከምርቃት በኋላ ጋውኑ ተመልሶ፣ ፎቶው በሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እሱ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ይቆማል። የምክር ሥራውን ባከናወነባቸው ዓመታት ሁሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ በጽሑፍ የሚቀርብለት እዚያ ነው፤ «የሥራ ልምድ» ይላል ፎርሙ፣ ፊት ለፊቱም ባዶ መስመር አለ። ተመራቂው ጥቂት ያስብና «0 ዓመት» ብሎ ይሞላል። ከዚያም ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚታለፍ ለመጠየቅ፣ ሥራ ከያዘ ሦስት ወር የሆነውን የአክስቱን ልጅ ቡና ይጋብዘዋል። የአክስቱ ልጅ ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ «መሥሪያ ቤት እኮ…» ሲል ይጀምራል።