ግፊት የማያውቅ ፊት አይንካ

ዋርያ፣ ፎቶ ኤዲተሩ! «ለፎቶ ማውስ ይበቃል፣ የብዕር ሰሌዳ (ግራፊክ ታብሌት) የሠዓሊ ቅንጦት ነው» አልክ አሉ። ወሬህ ከጂጂጋ ሀርሺን ደርሷል። ስሙልኝ ጎበዝ! ማውስ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መጫንና መልቀቅ። ቀስ ማለት አልፈጠረበትም። የሙሽራ ጉንጭ ደግሞ የበር ደወል አይደለም!

የሰሌዳው ብዕር ግን ግፊት ያውቃል። ላላ ስታደርገው ቀለሙ ይሳሳል፣ ጠበቅ ስታደርገው ይወፍራል። ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ ቀስ አድርጎ ያነሳል፤ ቆዳው ቆዳ እንደሆነ ይቀራል። አንተ የምታውቀው ግፊት የደም ግፊት ብቻ ነው። እሱንም አልበሙን ስታስረክብ የሙሽራዋን እናት አስይዘሃቸዋል!

«እሺ፣ ከገዛሁ አይቀር ትልቁን!» ይኸው፣ መጣ። የሰሌዳው ጥግ የስክሪኑ ጥግ ነው፤ ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር ክንድህ ይሮጣል። ቅንድብ በተስተካከለ ትከሻ ምን በወጣው? የዋኮም ትንሹ ኢንቱዎስ ሰሌዳ መሥሪያ ሜዳው 15 በ9.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፊቱን በዙም አቅርቦ ለሚሠራ ሰው ይተርፋል። ብቻ የሰሌዳህን ወርድና ቁመት ከስክሪንህ ጋር በሴቲንግ አስማማ። አለዚያ ክብ ልትስል ተቀምጠህ እንቁላል ትጥላለህ።

«8,192 የግፊት ደረጃ ከሌለው አልገዛም!» ደረጃውን በእግርህ ልትወጣው ነው? 2,048 ያለው አሮጌ ሰሌዳም ፊት ያሳምራል። ይልቅ ብዕሩ ባትሪ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቅ። ዋኮምም፣ ሁዮንም፣ ኤክስፒ-ፔንም ባትሪ የማይፈልግ፣ ኃይሉን ከሰሌዳው የሚስብ ብዕር አላቸው። የብዕሩ ጫፍ ያልቃልና መለዋወጫ መኖሩንም እይ። ያለ እሱ የሙያውን ጫፍ አትነካትም!

«ሞከርኩት፣ እጄ አልታዘዝ አለ!» በአንድ ከሰዓት? ማውሱን ስንት ዓመት ጎተትከው? እጅህ ሰሌዳው ላይ፣ ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሁለቱ እስኪታረቁ ሳምንታት ይፈጃል። ሽማግሌ አትላክ። ማውሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት፣ ይታረቃሉ።

«ደንበኛው እኮ አንጣኝ ይላል!» የለም፣ ደንበኛው ያለህ አሳምረኝ ነው። ማንጣቱን የጨመርከው አንተ ነህ፣ ያውም በነጻ! ፎቶሾፕ ላይ አዲስ ሌየር ክፈት። የብዕሩን ግፊት ከፍሎው ጋር አያይዝ፣ ፍሎውንም 5 ወይም 10 በመቶ ላይ አውርደው። የሙሽራዋን የሂና ጥለት አጥራ፣ የሻሿን እጥፋት አውጣ፣ ጠይምነቷን ግን ተውላት። የእሷ ነው፣ ከአንተ አልተበደረችውም! ጠይም ገብታ ነጭ ከወጣች ባልየው «ያገባኋት የታለች?» ብሎ የሚያንኳኳው የአንተን በር ነው። ለነገሩ ለአንተ የሀርሺን ገበያ በግ እንኳን አይሰጥም። ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ፣ ገላው ነጭ፣ ጭንቅላቱ ጥቁር፤ አንተ ዘንድ አንድ ሌሊት ቢያድር ጭንቅላቱን አንጥተህ ባለቤቱን «በጌ ጠፋ!» እያሰኘህ ገበያውን ታዞረዋለህ!