ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ ዘይቱንስ?

"ጋሼ፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር መኪና ዘይቱንም ራሱ ይቀይር እንጂ፤ እርስዎን ምን በጀርባዎ ያስተኛዎታል?" አለኝ የባጃጁ ልጅ፣ ከቶዮታ ቪትዟ ሥር የወጣ እግሬን አይቶ።

"ያንተም ባጃጅ ራሷ ትገለበጣለች፤ ራሷ ስትነሳ ግን እስካሁን አላየሁም።"

"ፍሪሲዮን የሌለው መኪና እኮ ወንድ አይነዳውም።"

"እውነትህን ነው፤ ወንድ የሚነዳው ባለ ሦስት እግሩን ነው።"

ልጁ አይፈረድበትም። እዚህ ደንቢያ፣ ኮላ ድባ ላይ የሚያየው መኪና ከሞላ ጎደል ሁሉም ማርሹ በእጅ የሚገባ ነው። አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ ከጎርጎራ የሚመለሰው ፒክአፕም ፍሪሲዮን አለው። አውቶማቲክ ይዞ የመጣ ሰው ታዲያ መከራውን ይዞ ነው የመጣው። እዚህ ሲጠይቅ "ጎንደር ውሰደው" ይባላል። ጎንደር ሲደርስ "ይኼማ የአዲስ አበባ ሥራ ነው" ይሉታል። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዝዞ፣ አሽትቶ፣ መልሶ ሰክቶ፣ "እስካሁን ሳይቀየር ከሠራ አትንካው" ይለዋል። ይህችን ምክር ለመስማት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቷል። እኔ ደግሞ አትንካ የተባልኩትን ሳልነካ ማደር አልችልም።

"አትንካው" ባዮች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው መጽሐፍ ጠቃሹ ነው።

"ፋብሪካው የካምቢዮውን ዘይት ዕድሜ ልክ ነው ብሏል" ይለኛል።

"የማን ዕድሜ ልክ?"

"የካምቢዮው።"

"ካምቢዮው መቼ ይሞታል?"

"ዘይቱ ሲበላሽ።"

"እንግዲያውስ ፋብሪካው አልዋሸም።"

ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ያንን ያህል ባይነዳም በ8 ዓመት፣ ዘይቱ ይቀየር ይላል። ሠሪው እንዲህ እያለ ነጂው "ዕድሜ ልክ" ብሎ ቢከራከር፣ ክርክሩ ከኪሱ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። ያውም ጀርመን ውስጥ ነው። ቪትዝ አራት ሰው ከነነጭ ሽንኩርቱ ጆንያ ጭና ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትያያዘው ካምቢዮዋ ውስጥ ያለውን ሙቀት ፋብሪካው አላሰበውም። ያን ዘይት ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሙቀቱ ነው የሚጨርሰው።

ሁለተኛው ወገን በእጁ ሠርቶ ያየው ሜካኒክ ነው፤ ይኼኛው ይከብዳል።

"አሮጌውን ዘይት ያወረደ ሰው ሁሉ በማግስቱ መኪናው ቆሞበታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ስለዚህ መኪናውን ሲያስኬደው የነበረው አሮጌው ዘይት ነው?"

"አዎ!"

"እንግዲያው ካምቢዮው ድሮ ሞቷል፤ ሰውዬው ሲነዳ የኖረው ዘይቱን ነው።"

ሳቀ። እውነት ግን አለው፤ ተረብ ነው ብዬ አልነፍገውም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ እየተጣበቁና እየተላቀቁ ኃይል የሚያስተላልፉ ስስ ሳህኖች አሉ። ሲያልቁ ትቢያቸው ዘይቱ ውስጥ ይንሳፈፍና መንሸራተቱን ጥቂት ይይዘዋል። አዲስ ዘይት ሲገባ ያ ትቢያ ይሄዳል፤ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይራመድ ከሆነ፣ ዘይት ለውጦ ይድናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ዘይት የሚለወጠው ካምቢዮው ጤነኛ ሳለ ነው።

ጤነኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ዘንጓን መዝዤ ጠብታዋን ነጭ ወረቀት ላይ ሳሳርፍ ቡና የሚያፈሉት ጎረቤቴ ብቅ አሉ።

"ምነው ልጄ፣ መኪናው ታረደ እንዴ?"

"ጾም አይደል እትዬ፣ ማን ያርዳል? ደሙን ልመረምር ነው።"

"ደግ አደረግህ። ደም ሳይታይ መድኃኒት የሚሰጠው ሌላ አገር ነው።"

እትዬ ይህን ቢሉ ያምርባቸዋል። በ1953 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ወባ የደንቢያን ሜዳ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቶበታል። በዓመቱ፣ በ1954፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም ወደ ኮላ ድባ ጤና ጣቢያ እየወረዱ ሲሠለጥኑ ኖረዋል። ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ሲለጠጥ ያላየ የደንቢያ ሰው የለም። የካምቢዮ ዘይትም እንደዚያው ነው። ወረቀቱ ላይ ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ተወው፣ ጤና ነው። ወደ ቡናማ ከሄደ ጊዜው ደርሷል። ጠቁሮ ያረረ ያረረ ከሸተተ ዘግይተሃል፤ ከላይ ያልኩትን የሜካኒኩን ነገር አስብ። ወተት የገባበት ሮዝ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ከራዲያተሩ ነው፣ ቀዳዳው ሳይገኝ ዘይት ማፍሰስ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ከዚህ በኋላ ዘይት ሻጩ ነው የሚጠብቅህ። "ዘይት ሁሉ ዘይት ነው፤ ይኼም ቀይ፣ ያም ቀይ" ይልሃል።

"በል ምሳህን በዚህ አሠራና አብረን እንብላ" አልኩት።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ካምቢዮ በአቀያየር ስህተት ከሚሞተው ይልቅ በተሳሳተ ዘይት የሚሞተው ይብሳል። በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ብዙዋ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ናት። ከ2005 ወዲህ ያለችው ግን ብዙዋ ሲቪቲ ነው፤ ማርሽ የሚባል ነገር የላትም፣ የብረት ቀበቶ ነው የሚዞረው፣ ዘይቷም ለብቻ ነው። የሲቪቲ ካምቢዮ ላይ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ጨምረህ ከኮላ ድባ አዘዞ ከደረስክ ተሳልመህ ግባ። ለመለየት ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም በሩ ጎን የተለጠፈችውን ሳህን እያት፤ የካምቢዮው መለያ በእንግሊዝኛው "ኬ" ከጀመረ ሲቪቲ ነው፣ በ"ዩ" ወይም በ"ኤ" ከጀመረ ተራ አውቶማቲክ ነው። ለቶዮታ ነው ይኼ። የዘይቱ ዓይነትም ብዙ ጊዜ ዘንጓ ላይ ተቀርጿል፦ ቲ-4፣ ደብሊው ኤስ፣ ዴክስሮን። የተጻፈውን ያዝ፤ ሻጩ "ከዚህ ይሻላል" ቢልህ "የሚሻለውን ለራስህ መኪና" በለው።

ነገር በነገር ይነሳል። ዴክስሮን ስል የሰሙኝ የኔታ መጡ።

"ይህ ዘይት ከምን ይወጣል ልጄ?"

"ድሮ ከዓሣ አንበሪ ይጨመርበት ነበር የኔታ።"

"የዮናስ ዓሣ?"

"ዘመዱ መሰለኝ።"

"ነቢይ 3 ቀን የተሸከመ ፍጥረት ማርሽ አስቀያሪ ሆኖ ቀረ በለኛ! ዛሬስ ጾም ነው፤ እንዴት ነካኸው?"

"ዛሬ ከድንጋይ ዘይት ነው የኔታ፤ የጾም ነው።"

እውነትም እንዲያ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ በ1939 ለኦልድስሞቢል መኪና አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት የካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዓሣ አንበሪ ዘይት ይገባ ነበር፣ ሙቀት ችሎ ሳህኖቹን ሳያንገጫግጭ ስለሚያስተላልፍ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ እንስሳው እንዳይጠፋ በሕግ ስትከለክል ኩባንያዎቹ በኬሚካል መተካት ግድ ሆነባቸው። ቀዩ ቀለምም የተፈጥሮ አይደለም፤ ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተጨመረ ነው፣ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ከየት እንደመጣ ትለያለህ።

ወደ ሥራው እንመለስ። ወደ ጯሂት መንገድ ትንሽ ነዳ አድርገህ ዘይቱን ለብ አድርገው፤ እጅ የሚያቃጥል አይሁን። ክሪኩን ባዶ መሬት ላይ አታቁም። የደንቢያ ዋልካ በክረምት ክሪክ ይውጣል፣ መኪናም ይውጣል፣ ብድር የወሰደ ሰው እንጂ የማይውጠው የለም። ከሥሩ ሰፊ ጣውላ አድርግ፤ መኪናውን ካነሳህ በኋላም በክሪክ ብቻ አትተማመን፣ ካቫሌቶ ወይም ወፍራም የግንድ ጉማጅ አስደግፍ። ከሥሩ የምትገባው አንተ ነህ፤ ባለ ባጃጁ አይደለም።

መፍሰሻውን ፍታና የሚወርደውን በሙሉ ያዘው፤ አንዲት ጠብታ አታባክን፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ከዚያ የዘይት መያዣውን ቡሎኖች በ10 ቁልፍ ፍታ፤ አንዱን ጎን ቀድመህ ካላላህ ያዘነብልልሃል፣ ሁሉንም በአንዴ ከፈታህ ገላህን ያጥብሃል። መያዣው ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ። ላያቸው ላይ ግራጫ፣ የላመ ጭቃ ካገኘህ ደስ ይበልህ፤ ያ ጤነኛ የብረት ትቢያ ነው። በጣትህ ስታሸው የሚወጋህ ስብርባሪ ካለ ግን ሥራውን አቁም፣ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ፊልትሮውን አውርደህ በአዲስ ተካ፤ አሮጌውን ጓርኒሲዮን በካቻቢቴ አትፋቀው፣ አሉሚኒየሙን ትጭረዋለህ፣ ጭረቱ ዘይት ያንጠባጥባል።

ማጥበቅ ላይ ደግሞ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። "ጋሼ፣ ልርዳዎት" አለና ቁልፉን በሁለት እጁ ያዘ።

"ተወው ወንድሜ፣ ቡሎኑ ምን አደረገህ?"

"ጥብቅ ካላለ ያንጠባጥባል።"

"ጥብቅ ሲል ይቆረጣል፤ ከዚያ አንተ ስትሮጥ እኔ ስፈልግህ ሰፈር ይስቅብናል።"

በብዙ ቶዮታ ላይ የእነዚህ ቡሎኖች ጥብቀት ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው፤ አንጓ እንጂ ክንድ አይጠይቅም። አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያልክ በተራ አጥብቅ።

ዘይት ስትሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ቆርጠህ በዘንጓ ቀዳዳ አስገባ። ስንት? ያወረድከውን ያህል። ለዚህ ነው አታባክን ያልኩህ። በትንንሽ መኪና ብዙ ጊዜ 3 ሊትር ገደማ ይወርዳል፤ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። "ጨምር፣ ዘይት ሲበዛ ምን አለው?" ለሚልህ፣ ሲበዛ ይመታና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሳህን አይጫንም በለው።

አሁን ልኬቱ ነው የቀረው፤ እዚህ ላይ የሚስቴ ወንድም ከጎንደር ወርዷል። የፒያሳ ሰው ነው።

"እናንተ ቆላዎች ደግሞ መኪና ጠጋኝ ሆናችሁ?"

"እናንተ ግንብ ወርሳችሁ ተቀመጣችሁ፤ እኛ እንሥራ እንጂ።"

"ግንብ ያለን እኛ ነን፤ ቢያስቀናህ አይገርመኝም።"

"ፋሲል ጎንደርን በ1636 ሳይቆረቁር በፊት አባቱ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበረው። ከኛው ሜዳ ተነስታችሁ ነው ዳገት የወጣችሁት፤ አሁን ዘይት መለካት አቅቷችሁ ትወርዳላችሁ።"

ይኼ ስድብ አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናው ዝንፍ በማይል ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ ነው። ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በየቦታው አዳርሰህ ፒ ላይ ትመልሳለህ፤ ዘንጓን መዝዘህ ትጠርጋለህ፣ ሰክተህ ደግመህ ታወጣለህ፤ ሙቅ የሚለው ምልክት ውስጥ መግባት አለበት። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ ዘንጓ ትዋሻለች። ፒያሳ ውስጥ ዝንፍ የማይል ቦታ ፈልጎ ያገኘ ይንገረኝ። ኮላ ድባ ግን ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ናት። አማቼ መኪናውን እዚሁ አስለካ፤ ግማሽ ሊትር ተርፎ ነበር። ግንቡን አላነሳም ከዚያ ወዲያ።

ከአሜሪካ የመጣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ "እኛ ጋ ማሽን ላይ አስረው ሙሉውን ባንዴ ይቀይሩታል" አለ።

"እዚህም ማሽን ቢኖር መብራት ሲመጣ ይሠራ ነበር።"

እስከዚያው ሒሳቡ ይኸው፦ ባወረድክ ቁጥር ግማሹ ከተቀየረ፣ አንዴ ስታደርገው 50 በመቶው፣ ሁለቴ 75፣ ሦስቴ 87.5 አዲስ ይሆናል። በመካከሉ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዳ። ፊልትሮውን በየጊዜው ማውረድ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ዕለት ይበቃል።

"ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ከዚህ ሁሉ እገላገላለሁ" ያለም አለ። ይገላገል፤ የሱም መኪና ቢሆን የማርሽ መቀነሻ ዘይት አላት። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ምትኳ ቀላል አይደለም። ያለህን ጠብቅ።

ያወረድከውን ዘይት በተመለከተ፣ የባጃጁ ልጅ "አጥር ሥር ይድፉት፣ ምስጥ ይገድላል" አለኝ። ምስጡን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ከአንድ የዘይት ቅያሪ የወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል ይላል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት። የደንቢያ ጎርፍ ደግሞ ወደ ድርማና ወደ መገጭ ይሄዳል፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ፣ ጣና ደግሞ እምቦጩ ራሱ አልለቀቀውም። አሮጌውን ዘይት አዲሱ በመጣበት ጀሪካን መልሰህ ሙላ፣ ክዳኑን አጥብቅ፣ በርሜል ላይ ለሚያጠራቅም ጋራዥ ስጥ። እዚህ ላይ ግን እንዳሻህ አጥብቅ፤ ክዳን አይቆረጥም።