የወር ጥበበኛው

እቁብ እንደሚጥል ሰው በየወሩ አዲስ ሙያ ይደርሰዋል። መስከረም ላይ ኪሮሽ ያዘ፤ የቴሌቪዥን ልብስ ይሆናል የተባለው ዳንቴል ለሞባይል እንኳ አልበቃም። ጥቅምት ክራር ገዛ። ስድስቱን ክሮች ቃኝቶ ሳይጨርስ ኅዳር ገባ።

ኅዳር የልቦለድ ወር ሆነ። ለዚህስ አርአያ አለው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሪስ ቤቲ የሚባል ሰው ወዳጆቹን ሰብስቦ በአንድ ወር 50,000 ቃላት የመጻፍን ፈሊጥ ጀምሯል። ሲካፈል በቀን 1,667 ቃላት ገደማ ነው። የእኛው ሰው በመጀመሪያው ቀን ኮታውን ሞላ፦ መታሰቢያነቱን፣ ምስጋናውንና መቅድሙን ጻፈ። ልቦለዱ ይቀራል።

(ሸክላ ሥራ የታኅሣሥ ነው፤ ጭቃው ከወዲሁ ደጅ ተራግፏል።)

የተጀመረውን ሁሉ ሊጨርስ የመደባት ጳጉሜን ናት። እሷም 5 ቀን አላት፤ በአራት ዓመት አንዴ 6።