አዋጅ ነጋሪዋ ያሪስ

አንበሳሜ ውስጥ በንብረት ጥበቃ ወደ ኋላ የቀረ ሰፈር ቢፈለግ የእኛ አይገኝበትም። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጋሼ ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ ገዝተዋል። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣም አላርም ነበራት፤ ምስኪን፣ የምታውቀው ግን ትንሽ ነበር። የተቆለፈ በሯን ሰው ሲከፍተው ትጮሃለች፣ ኮፈኗ ሲነሳ ትጮሃለች፣ ከዚያ ውጭ ዝም። የሠሯት ሰዎች አንድ ቀን የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ላይ፣ ከዶሮ ቤትና ከእንጨት ክምር መሀል እንደምታድር አላሰቡም። ጋሼ አሰቡላቸው።

ባሕር ዳር ይዘዋት ሄዱ፣ ኤሌትራውቶ ጋ አስገቧት፣ አራት ሴንሰር አስጨምረው ተመለሱ። አንዱ ንዝረት ይሰማል። አንዱ መኪናዋ ዘንበል ስትል ያውቃል፤ በክሪክ አንስቶ ጎማ የሚፈታ ሌባ ቢመጣ ነው። ሦስተኛው መኪናዋ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ለማወቅ 40 ሺህ ኸርዝ የሆነ ድምፅ ይለቃል። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ ስለማይሰማ፣ ያሪሷ ስታዳምጥ ማንንም አትረብሽም። ይህችን ጨዋነት ልብ በሉልኝ። ስትጮህ ግን 120 ዴሲቤል ነው፤ የሳይረኑ ካርቶን ላይ ተጽፏል። አራተኛውና የሁሉም አለቃ ራዳር ነው፤ ሰው ሲጠጋ ገና እጁ ሳያርፍባት ያውቅበታል።

ጥቅሟ ወዲያው ታየ። እህል የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ታስታውቃለች። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም፣ ልብስ ከገመድ ላይ አውርዱ ብላ ትለፍፋለች፤ ዝናቡ ከመጣ በኋላም መዝነቡን ታረጋግጣለች። ቡና በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ካለ ማን ቤት ቡና እንደተፈላ ሰፈሩ ያውቃል። ድመትማ ኮፈን ላይ መሞቅ ትታለች።

ይህ ሁሉ ግን ተራ ነገር ነው። ሕይወታችንን የለወጠው ራዳሩ ነው። የጋሼ ሽንት ቤት፣ እንደ አብዛኞቻችን፣ ከግቢው ጥግ ነው። ያሪሷ ደግሞ የምትቆምበት ሌላ ቦታ ስለሌለ በቤቱና በሽንት ቤቱ መሀል ትቆማለች። ስለዚህ ከዚያ ቤት ሌሊት የሚወጣ ሁሉ በአዋጅ ወጥቶ በአዋጅ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን እየደነገጥን እንነሳ ነበር። ኋላ መቁጠር ጀመርን። ከቆጠራው ወደ ትንተና ገባን፦ በሁለቱ ጩኸቶች መሀል ያለው ጊዜ አጭር ከሆነ ጋሼ ናቸው፤ ከረዘመ ተከራዩ ልጅ ነው፣ ስልኩን ይዞ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ጠዋት በጉርብትና የምናከብራቸው እናት በአጥር በኩል ብቅ ብለው፣ «ጋሼ፣ ትናንት አራቴ ወጡ። ስኳር እንዳይሆን፣ ታይተው ቢመጡ ምናለ?» አሏቸው። ጋሼ ምን ይበሉ? አመሰገኑ።

የምራታቸውን ማርገዝ እናቷ ሳትሰማ እኛ ሰማን። የፋሲካ ማግስት ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ ሲመላለስ አድሮ፣ የዶሮ ወጡ ቅቤ ነው ወይስ ቁሌቱ በደንብ አልበሰለም በሚለው ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ እዚያ ግቢ መግባት አያስፈልጋቸውም፤ እኛ ጋ ቢመጡ መረጃው ተደራጅቶ ይጠብቃቸዋል። እንዲያውም ጤና ጣቢያው ለያሪሷ ካርድ ቢያወጣላት አይበዛባትም። አንድ ሌሊት ታዲያ አንዴም ሳትጮህ አደረች። ሲነጋ የዕድሩ ዳኛ፣ «ምን ሆነው ይሆን?» ብለው በሩን አንኳኩ። ጋሼ ደህና ናቸው፤ የሞተው ባትሪው ነው። ሴንሰሮቹ መኪናዋ ቆማም ባትሪ ይበላሉ። እንቅልፍ ያጣነው እኛው ወጥተን ገፍተን አስነሳንላቸው። አሁን ደግሞ ጋሼ ፖፖ ገዝተዋል ይባላል። የገዛ ግቢያቸውን የገዛ መኪናቸው ከለከለቻቸው፤ ጥበቃ ማለት ይሄ ነው።

ሌባውስ? አልመጣም። ቢመጣም ያሪሷ ስትጮህ፣ «ጋሼ ወጡ» ብለን ወደ ግድግዳው እንዞራለን። ጋሼም ከአልጋቸው ሳይነሱ ሪሞቱን ተጭነው ዝም ያሰኟታል። ሌባው ትንሽ ታግሶ ደግሞ ይነካታል፣ ደግሞ ይጫናሉ። መጨረሻ ላይ ተሰላችተው ጨርሰው ሲያጠፏት ካቻቢቴውን ያወጣል።

ይህን ከቅናት የመጣ ሐሜት የሚያደርግብኝ ካለ፣ አሜሪካ ውስጥ ሃይዌይ ሎስ ዳታ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም እንደ ፈረንጆቹ በ1997 የ73 ሚሊዮን መኪናዎችን የኢንሹራንስ መረጃ አይቶ፣ አላርም ያላቸው ከሌላቸው ያነሰ የስርቆት ኪሳራ እንደሌለባቸው ተናግሯል። ሌባ ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው፦ ቁልፉን ካላወቀ ሞተር እንዳይነሳ የሚያደርገው ኢሞቢላይዘር። አውሮፓ ከ1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ያለ እሱ እንዳይሸጥ አዘዘ። በኔዘርላንድስ ላይ የተሠራ ጥናት የመኪና ስርቆትን 40 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አገኘ። ድምፅ የለውም። ሰው አይቀሰቅስም። የጋሼ ያሪስም ከአውሮፓ ስትመጣ ይዛው መጥታለች፤ አንድ ሳንቲም ሳይጨምሩበት።

ስፖኪዮ የሚፈታውን ሌባ ኢሞቢላይዘር አያስቆመውም፣ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ባለመኪና ስፖኪዮው ጠፍቶበት ሶማሌ ተራ ሄዶ የራሱን መልሶ ይገዛል ተብሎ ይቀለዳል። ግን እነሱም መላ አላቸው፤ የታርጋ ቁጥራቸውን መስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ። የተቀረጸ መስታወት ለመሸጥ ያስቸግራል፣ ደግሞም ሌሊት አይጮህም።

ንዝረት ሰሚው ሴንሰር ጎን ላይ ደግሞ ትንሽ ብሎን አለች። እሷን በካቻቢቴ አንድ ሩብ ዙር ብታዞር የንዝረት ስሜቱ ይቀንሳል፣ ነጎድጓዱም ሙቀጫውም ያልፋል። ይህን ለጋሼ በአክብሮት ነገርኳቸው። «የከፈልኩበት ዕቃ ለምን ይተኛል?» አሉኝ። እኛስ? እኛ መተኛት አለብን! ሌሊት ነው፣ ሕፃን አለ፣ በሽተኛ አለ፣ ማለዳ ገበያ የሚወርድ ገበሬ አለ። የአንድ ሰው ስጋት የመቶ ሰው እንቅልፍ አይበላም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። የጋሼ አርአያነት እየተስፋፋ መሆኑን ልንገራችሁ። ከታች በኩል ያለው ባለ ባጃጅ ወጣት ዋጋ ሊጠይቅ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። ባጃጁ የሚቆለፍ በር የለው፣ የጎን መስታወት የለው፣ ሌሊት የሚያድረው እሱ ራሱ ከሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ኤሌትራውቶው ግን «ችግር የለውም፣ ይገጠማል» ብሎታል።