ጥላ የሚሻ የዓሣ ዘንግ

«ፋዘር፣ ዓሣው ነው የሰበረብዎት ወይስ ማዘር?»

እንዲህ ያለኝ አትክልት ተራ፣ ከዓሣ ቤቶቹ በአንዱ በር ላይ ተቀምጦ ቆሮሶ የሚፍቅ ጎረምሳ ነው። ቅርፊቱ እስከ ቅንድቡ ተለጥፎበታል። እኔ ደግሞ ለሁለት የተሰበረ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በብብቴ ሸጉጬ፣ በቲማቲም ሳጥንና በጎመን ክምር መሀል ሹልክ ብዬ ላልፍ ስል ነው የተያዝኩት። ፋዘር ይሉናል እንግዲህ። የዚህን ልጅ አባት ባውቀው ኖሮ ስለ አስተዳደጉ ሁለት ቃል ጣል አደርግለት ነበር።

ነገሩ የሆነው ከኮሮና በፊት ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. ተነቅሎ ጃንሜዳ ሳይሄድ፣ ከጃንሜዳም ጥምቀት ደረሰ ተብሎ ኃይሌ ጋርመንት ሳይወርድ። የዚያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ሽንኩርትም ዓሣም ስድብም ባንድ ቦታ ይገኝ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ቤቶቹ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ዓሣ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም እያለ የሚከራከረው ሰው ሁሉ እየተከራከረ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ወደ ዘንጉ ልመለስ። ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ። «ጋሼ፣ ይሄ ካርቦን ነው» ብሎ እንደ ታቦት በሁለት እጁ አስረከበኝ። አነሳሁት፤ ላባ። እኔ ባደግሁበት በዶሮ ማነቂያ ሰፈር ዕቃ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሲከብድ ነበር። ብረት ምጣዱም፣ ካፖርቱም፣ ሰውም ቢሆን። ይሄ ግን በነፋስ የሚሄድ ነገር ነው። ዋጋውን በብር እንዳልመነዝረው አስማለኝ፤ መሐላዬን ያፈረስኩት እሱ አውሮፕላን ላይ ሳይሳፈር ነው።

አብሮት ወረቀት አለ። የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ሙቀት ያለበት ቦታ አታስቀምጡ። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። እንደታጠፈ አታሳድሩ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መብራት ገመድ ሥርና መብረቅ ባለበት ሰዓት አትያዙ። «ልጄ፣ ይሄ የዓሣ ዘንግ ነው የክትባት ብልቃጥ?» አልኳት። ዓሣ የሚጠመደው እኮ ውሃ ዳር ነው። ውሃ ዳር ደግሞ ፀሐይ አለ። ፀሐይ የማይወድ የዓሣ ዘንግ፣ ዝናብ የሚፈራ ጃንጥላ ማለት ነው።

ዝዋይ ወረድን፣ በጎረቤቴ መኪና። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱን በጨረስክ ቁጥር ሹራብህን እያወለቀ የሚወስድህ መንገድ። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ቢሆንም መኪናዋ ትንሽ ናትና፣ ጫፉን ጣሪያው ላይ አስደግፈን፣ ጎበጥ አድርገን ከኋላ አስተኛነው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ መኪናዋን ቆልፈን ዓሣ ጥብስ ልንበላ ገባን። (አዎን፣ ዓሣ ልናጠምድ ሄደን መጀመሪያ ዓሣ ገዝተን በላን። ምን ይጠበስ?) ጨዋታው ጨዋታን እያመጣ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት የማውቀው በሩን ስከፍት መነጽሬ ፊቴ ላይ መጋሉን ብቻ ነው።

ዘንጉን አወጣሁት። ማጭድ! ጫፉ ጎብጦ ቀርቷል። ጫፉ ላይ ያለችው ክር የምታሳልፈው ቀለበት ደግሞ ማጣበቂያዋ ላልቶ፣ እንደተቀየመች ሴት ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። በጣቴ መለስኳት። ጉብጠቱንም ቀና ለማድረግ ብሞክር እሺ አላለኝም፤ ተውኩት፣ እኔስ መቼ ቀጥ ብዬ ነው።

ዳሩ ላይ አባ ኮዳዎች ቆመዋል። አባ ኮዳን የማታውቁት ካላችሁ፣ ያ መላጣ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ የሚመስለው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሰው ጉዳይ የሚያይ ትልቅ ወፍ ነው። አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ይጠብቃል። ጡረታ ቢሮ በር ላይ የማያቸው እኩዮቼን ይመስለኛል። በነሱ ፊት መንጠቆዬን ወረወርኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ነገር ያዘው፤ አሳሳቡ የአምባዛ ነው፣ ከባድ፣ ወደ ታች ወደ ጭቃው። ቀና አደረግሁት። ቋ! አለ። የሰበረው የጎበጠው ጫፍ አይደለም፤ ከመያዣው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለው፣ ያላማሁት ቦታ ነው። አባ ኮዳው አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ ተመለከተኝ። ሳቀ ለማለት ይከብዳል፤ አልሳቀም ለማለትም ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያቃጠለኝ። ጎረቤቴ «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ መኪናውን ፀሐይ ላይ ያቆመው ማን ሆነና! የእህቴ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ ከመጠን በላይ ወደ ላይ አንስተኸው ይሆናል» ይላል። የሰባ ዓመት ክንድ ከመጠን በላይ የሚያነሳው ምን አለና? ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ የሷን ዝምታ ደግሞ የሚችለው የለም።

እውነቱን የነገረኝ አንድ ወጣት ነው። ሰፈራችን ውስጥ የተሰነጠቀ ፓራውልት በፋይበር ግላስ እየለጠፈ የሚያድር። ስብራቱን በስልኩ መብራት እያየ «ይምጡ ጋሼ፣ ይዩት» አለኝ። ቱቦው ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው በአንድ በኩል ወፈር፣ በሌላው በኩል እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳሳ ያለ። በሳሳው በኩል፣ የካርቦኑ ንጣፎች መሀል፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ባዶ ቦታ አለች። አየር ናት፤ ሲጠቀለል ሳትወጣ የቀረች።

አሠራሩንም አስረዳኝ። ካርቦኑ ከመነሻው ጨርቅ ነው። ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ተነክሮ፣ ተቀዶ፣ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ በሚቀጥን ብረት ላይ ይጠቀለላል። በላዩ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠምበትና ምድጃ ይገባል። ከመቶ ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሙጫው ሲበስል ብረቱ ይነቀላል፤ ዘንግ ሆነ። በደንብ ከበሰለ የመኪና ሙቀት በቀላሉ አያላላውም። ቸኩለው ካወጡት ግን ያ ሙጫ በትንሽ ሙቀት የሚለሰልስ ሆኖ ይቀራል።

«ታዲያ ድፎ ዳቦ ነዋ!» አልኩት። «ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ሊጥ።»

«እንደሱ በሉት፣ ጋሼ።»

ገባኝ። ሙቀት ሰበረው ይሉኛል፤ ሰባሪውስ ሙቀት ማነሱ ነው! ፋብሪካው የነፈገውን እሳት ዝዋይ ላይ ከፀሐይ ሊቀበል ሲል ነው የጎበጠው። ባዶዋ ቦታ ደግሞ ሥራዋን ጨረሰችው። እኔ በመሀል ዓሣ ጥብስ ከመብላት በቀር ምን አጠፋሁ?

ከመኝታ ቤቴ በር ጀርባ የቆመች የቀርከሃ ዘንግ አለችኝ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው ያገኘኋት፣ እዚያው አትክልት ተራ፣ ለነጋዴዎቹ ቅርጫት ይሸጡ ከነበሩ ሰውዬ። ስመርጣት ጠማማ ነበረች። ሰውየው ምንም ሳይሉኝ ቡና የሚፈላበት ማንደጃ ላይ አንጓዋን እያገላበጡ አሞቋት። ቆዳዋ ላይ ላብ የመሰለ ነገር ወዛ፤ ሽታዋ እንደ ቆሎ ሸተተ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ገፏት፣ እስክትበርድም አለቀቋትም። በረደች፤ ቀጥ አለች። ሌላውን አንጓ ቀጠሉ። ቡናው ገነፈለ፣ ባለቡናዋ ተሳደበች፣ እሳቸው አልሰሙም። ይኸው እስከ ዛሬ ቀጥ እንዳለች ናት። ቆቃ ወስጃታለሁ፣ ላንጋኖ ወስጃታለሁ፣ በፀሐይ ስትጠበስ ውላለች። ወረቀት አልነበራትም።

የእህቴ ልጅ ግን ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ፣ ሁለተኛ ካርቦን ላከ። ያኔ ከዶሮ ማነቂያ ተነስተን ኮንዶሚኒየም ገብተናል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር፤ ቀን ቀን የምንኖረው ምድጃ ውስጥ ነው። አሁን ተምሬያለሁና ዘንጉን ከመቀበሌ በፊት መረመርኩት። ባለፓራውልቱ ልጅ እንዳስተማረኝ፣ ከባለቤቴ እንዝርት ላይ ቁራጭ ጥጥ ወሰድኩና በየቀለበቶቹ ውስጥ አሳለፍኩት። አንደኛዋን አለፈ፣ ሁለተኛዋን አለፈ፣ ሦስተኛዋ ላይ ጥጡ ያዝ አደረገ። ቀለበቷ ውስጥ ያለችው ሸክላ መሰል ነገር ተሰንጥቃለች፤ ዓይን አያየውም፣ ጥጥ ግን አይዋሽም። ያቺ ስንጥቅ ዓሣ በሳበ ቁጥር ክሩን እንደ ምላጭ ትበላዋለች። «አዲስ ነው እኮ!» አለች የልጅ ልጄ። አዲስ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

እንዳልመልሰው ያሳፍራል፣ እንዳልጥለው ዋጋውን መንዝሬዋለሁ። ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው ቦታ ተፈልጎ ተገኘ፤ ከአልጋዬ ሥር። በጋቢዬ ተጠቅልሎ እዚያ ተኝቷል። ከሰዓት ሲሞቅ ባለቤቴ መስኮት የምትከፍተው ለኔ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ዝዋይ ልንወርድ ስንል ጎረቤቴ «ካርቦኑን አትይዘውም?» ቢለኝ፣ ፀሐዩ ይጎዳዋል ብዬ ቤት ትቼው፣ ቀርከሃዬን መኪናው ጣሪያ ላይ አሰርኳት።