ሁሉም ለጋ

ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ ብትገቡ ነጋዴዋ ራሷ «ይሄ ለጋ፣ ይሄ መካከለኛ፣ ያ በሳል» ብላ ትለይላችኋለች። ገዢውም አያምናትም፤ በጣቱ ቆንጥሮ፣ አሽትቶ፣ ፊቱን አጨማዶ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መጽሔት ላይ ግን ሁሉም ለጋ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሪባን ይቆርጣሉ፤ ባለሀብቱ ምሩቅ ቼክ ያስረክባሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ባለሀብቱን ያመሰግናሉ። አዘጋጁስ ምን ያድርግ? ደመወዙን የሚፈርሙለት ሪባን ቆራጩ ናቸው!

በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። በመጽሔቱ ቋንቋ ቢዘገብ «አንጋፋ መምህራኖቻችን በቂ የዕረፍት ጊዜ አገኙ» ይባል ነበር።

ድሮ ተማሪው «ታገል» የተባለ የራሱ ልሳን ነበረው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው እዚያ ላይ ነው። ሚዛናዊ ነበር አልልም፤ ከ50 ዓመት በኋላም ያጣላናል። የምሩቃን መጽሔት አንብበው የተጣሉ ሰዎች ካሉ ግን ያሳዩኝ። ምናልባት ስሙ ከለጋሾች ዝርዝር የተዘለለ አንድ ባለሀብት ይኖራል፤ እሱም በሚቀጥለው እትም በሙሉ ገጽ ፎቶ ይካሳል።