ሟች አባቴ ስብሰባ ተጠሩ

የውጭ አገር አለቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚበላሸው ስም ነው። መቱ ተወልጄ መቱ ሸብቻለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ»፣ «ጋሼ» ሲለኝ ኖሯል። የልጄ ልጅ የሚሆን ፈረንጅ አለቃዬ ሆኖ መጣና በአባቴ ስም «ሚስተር» እያለ ይጠራኝ ጀመር። አክብሮቱ ነው አሉ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ቢሮ ረግጠው አያውቁም፤ ከሞቱ በኋላ ግን ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ይጠሩ ነበር። ዘግይተዋል ተብሎም ተጽፎባቸዋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራውን በልቻለሁ።

ኢሉባቦር ለባዕድ አዲስ አይደለም ስል ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ። እንግሊዝ በ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋውሎ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ካገኘ ወዲህ፣ የዚህ አገር ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከጎሬ እየወረደ፣ በእንፋሎት ጀልባ በባሮ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። ጎሬ ላይ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሶርያው ሱቅ ከፍቷል፤ የእንግሊዝ ቆንስልም ተቀምጧል። ያን ጊዜ ስለ «ባህል ተሻጋሪ አመራር» ሥልጠና ሰጠ የተባለ ሰው አልሰማሁም። የሁሉም አለቃ ባሮ ነበር። ክረምት ሲሞላ ጀልባዋ ትመጣለች፤ ውኃው ሲጎድል ትቀራለች። ግሪኩ ቢጮህ፣ በቅሎ ነጂው ቢሳደብ፣ ጭነቱ ውኃው ሳይጎድል መድረስ አለበት። ወንዝ ደግሞ አይለመንም፣ አያኮርፍም።

የእኛ ዘመን አለቃ ሰዓት ሆነ። ሐምሌ ውስጥ ዝናብ ይዞኝ ነው ያለን ሰው በዚህ አገር ማን ጠይቆት ያውቃል? አንድ ጀርመን አለቃ ግን ለሁላችንም ጃንጥላ ገዝቶ አደለን። ጃንጥላ! ከዚያ ወዲህ ምን ብለን እንዘግይ?

የቻይናው ካቦ ደግሞ ራሱ አካፋ ያነሳል። አለቃ አካፋ ካነሳ እኛ ምን ልንይዝ ነው? ሕንዱ መሐንዲስ እሺ ሲል አንገቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ የእኛ ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ሁለቱ ስለ ሲሚንቶ ተነጋገሩና ተስማሙ። አንዱ የተከለከለ፣ ሌላው ሰው ያስደነገጠ መስሎት ተለያዩ፤ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ዝናብ ጠጥቶ ድንጋይ ሆነ።

ሕጉም ቢሆን ልቅሶ አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል፤ የዕድር ጎረቤት ግን የለበትም። አስከሬን ሳልሸኝ ብቀር እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው? ይህን ለፈረንጁ አለቃዬ ባስረዳው ቀባሪዬን ሁሉ በዝርዝር ጻፍ አለኝ።

በደሌ ያሉ ወዳጆቼንማ ተዋቸው። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ሄኒከን የቢራ ፋብሪካውን ከመንግሥት ሲገዛ፣ ከሆላንድ ሰው ጋር ሥራው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ደህና ነው» አሉኝ። ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? ሆላንዱ ያሰበውን ሁሉ ይናገራል ይባላል፤ የእኛ ሰው ያሰበውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ብልሃቱ የገባው ካርል በም ይመስለኛል፤ በፊልም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲተውን ከኖረ በኋላ በ1974 ዓ.ም. ሰዎች ለሰዎችን ያቋቋመው፣ የመቱው ሆስፒታል በስሙ የሚጠራለት። የድርጅቱን ሥራ እዚህ የሚሠሩት ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያውያን ናቸው። የፈረንጅና የሐበሻ ጠብ ቀረ፤ እርስ በርስ የምንጣላውን ግን እንኳን ካርል፣ ፈጣሪም አልቻለው።

አሁን አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንዷ ልጅ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበራች «ኢትዮጵያውያን አለቃቸውን እምቢ አይሉም» አለች። «ልክ አይደለም የሚል አለ?» ብላ ጠየቀች። አለቆቹ ተቀምጠው ማን አለ ይላል!

እኔን ያስመረረኝ ግን የግሣጼ ነገር ነው። ያ ባለጃንጥላው ጀርመን ጠዋት የመጋዘን ሠራተኛውን ጥፋት በሰው ፊት አንድ በአንድ ዘረዘረ። ምሳ ላይ ትከሻውን መታ አድርጎ አብሮት ሊስቅ! ለእሱ ነገሩ አልቋል። የእኛ ሰው «ችግር የለም» አለና ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላምታውን አቀዘቀዘ። ምነው ሲባል አይናገርም። ራሱ ይወቀው እንጂ! ሽማግሌ ይላክ እንጂ! እኔም መሐል ቆሜ ለአንዱ ሌላው ምን እንደጠበቀ ብነግር፣ ጀርመኑ «ታዲያ ለምን አይነግረኝም?» አለ፤ የእኛው «ከተነገረውማ ምኑን ዕርቅ ሆነ?» አለ። ጀርመኑ ኮንትራቱን ጨርሶ፣ ሁሉንም አቅፎ ተሰናብቶ አገሩ ገባ፤ ለበዓልም ለመጋዘን ሠራተኛው ሰላምታ ይልክለታል። ሰውየው ጡረታ ወጥቷል፤ ዛሬም አኩርፏል።